ለሚካኤል የተሳሉ የበረዶ መያዣዎች

ባለፈው ቅዳሜ ጄኔቭ፣ ፕላንፓሌ አደባባይ ላይ ካለው የአሮጌ ዕቃ ገበያ የሻይ ማንኪያ ፍለጋ ስዞር፣ አንድ ነጋዴ የብረት ወፍ ይዞ ከአንዲት ሴትዮ ጋር ሲከራከር ደረስኩ። እሱ የመጽሐፍ መደገፊያ ነው ይላል፤ እሷ ደግሞ ታዲያ ይሄ እንደ ክንድ የረዘመ ጭራው ምን ይሠራለታል ትላለች። ሌሊቱን ዘንቦ ስለነበር ወፉ እርጥብ ነበር። እስቲ ልየው ብዬ ተቀብዬ ወደ ፊቴ ሳስጠጋው ያ የቀዘቀዘ ብረት ሽታ አፍንጫዬን መታው፤ በቃ፣ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። «ይሄማ ጣራ ላይ የሚሰካ፣ በረዶው እንዳይናድ የሚይዝ የበረዶ መያዣ ነው» አልኳቸው። ሁለቱም እንዳበደ ሰው አዩኝ። አይፈረድባቸውም፤ እንዲህ ያለ ወፍ ለቅዱስ ሚካኤል ተስለው ያመጡ እናት አያውቁም። እኔ አውቃለሁ።

ያኔ አሥር ዓመቴ ነው። እኔና እናቴ የምንኖረው ዙሪክ፣ ዜባህ ሰፈር፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነበር። ቤተ ክርስቲያናችን ከቤታችን በእግር የሚደረስበት፣ ድሮ የማሽን መለዋወጫ ይከማችበት የነበረ ረጅም አዳራሽ ነው። ውስጡን መጋረጃና ምንጣፍ አልብሰነው ያምር ነበር፤ ከላይ ግን ያው የመጋዘን ጣራ ነው፣ ድፍን ላሜራ። ባለቤቲቱ፣ በእኛ ልማድ በመጀመሪያ ስማቸው ፍራው ኤልዝቤት፣ ወይዘሮ ኤልዝቤት እንደማለት፣ የምንላቸው አሮጊት፣ አጠገቡ ባለው የሸክላ ጣራ ቤታቸው ይኖራሉ። በአዳራሹና በቤታቸው መሃል ጠባብ መተላለፊያ አለች፤ የሁለቱም ጣራ ክፈፍ ከላይዋ ይወጣል። ታቦት ሲወጣ የሚያልፈው በዚያች መተላለፊያ ነው። ፍራው ኤልዝቤትም ብስክሌታቸውን የሚያቆሙት እዚያው ነው። አዳራሹን ሲያከራዩን «የጣራው ጥገና ግን የእናንተ ነው» ብለው ነበር፤ የእኛ ሰዎችም ላሜራ ደግሞ ምን ጥገና አለው ብለው ደስ እያላቸው ፈረሙ።

ነገር የተበላሸው በኅዳር ሚካኤል ነው። በረዶው ያን ዓመት ቸኩሎ መጥቶ ሦስት ቀን ሙሉ ሲጥል ሰነበተ። በዓሉን ባከበርንበት እሑድ ቅዳሴው አልቆ፣ ታቦቱ ሊወጣ ሲል፣ ከበሮው ገና መሟሟቅ ሲጀምር፣ ከላይ የሚያጓራ ድምፅ መጣ። ከባድ መኪና ጣራችን ላይ የሚነዳ መሰለኝ። ከዚያ ዷ! በአንድ በኩል ያሉት መስኮቶች በሙሉ ጨለሙ። እናቶች «ኧረ ሚካኤል!» እያሉ ልጆቻቸውን ሰበሰቡ። ወጥተን ስናይ የጣራው በረዶ እንዳለ ወርዶ መተላለፊያዋን ሞልቷታል፤ ከሥሩ የብስክሌቱ አንድ ጎማ ብቻ ይታያል። ሰው አልነበረም፣ ተመስገን። ትንሽ ቆይቶ ቢሆን ግን ታቦቱ ከነካህናቱ እዚያ ውስጥ ነበር። ይህን ሲያስቡ ትልልቆቹ ሰዎች ፊታቸው ዐመድ መሰለ።

ፍራው ኤልዝቤት በቤት ጫማቸው ብቅ አሉ። ብስክሌቱን አዩ፣ ጣራውን አዩ፣ ከዚያ በሩ ላይ ወደቆመው ከበሮ ጣታቸውን ቀሰሩ። «እሱ ነው! ሁልጊዜ እሱ ነው ጣራዬን የሚያናውጠው!» አሉ። ፍርዳቸውንም እዚያው ሰጡ፦ ጣራው የበረዶ መያዣ እስኪገባለት ድረስ ከበሮ አይመታም፤ በረዶው ከደገመ ደግሞ ቁልፋቸውን እንመልስላቸዋለን።

አያችሁ፣ እኔ ከማንም በላይ ያመንኩት እሳቸውን ነው። በዚያው ሰሞን ትምህርት ቤት መጽሐፋችን ላይ አንድ ልጅ ተራራ ላይ ሆኖ ሲጮህ በረዶ ሲናድበት የሚያሳይ ሥዕል አይቼ ነበር። ጩኸት እንዲህ ካደረገ ከበሮማ ምን ሊያደርግ! ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የፀጥታ አስከባሪ ሆንኩ። ሰው ሲያስነጥስ ጣራውን አያለሁ። እልል ሊሉ አፋቸውን የከፈቱ እናቶችን ቀሚስ እጎትታለሁ። እናቴ «ይቺ ልጅ ምን ነካት?» ትላለች።

አስተዳዳሪያችን አባ በዚያው ዕለት «ለጣራው የበረዶ መያዣ ያስፈልገናል፤ የምትችሉ አስቡበት» ብለው ነበር። እንደዚህ ብቻ ነው ያሉት። ምን ዓይነት መያዣ እንደሚያስፈልግ አላሉም፤ አያውቁምም። ምእመኑ ግን ቤቱ እየሄደ አሰበበት፣ አስቦም ተሳለ።

የመጀመሪያዋ እትዬ አስካለ ናቸው። እትዬ አስካለ ጎረቤት ከተማ ቪንተርቱር፣ አንድ ሆስፒታል ውስጥ የልብስ ማጠቢያ ክፍል የሚሠሩ፣ ቁመታቸው አጭር፣ ድምፃቸው ረጅም ሴት ነበሩ። አንድ ልጃቸው ሰላም አዲስ አበባ ከአክስቷ ጋር ቀርታ፣ ልትመጣላቸው ነው ሲባል፣ ወረቀት ጎደለ ሲባል፣ ዓመታት አልፈዋል። ለካ በኅዳር ሚካኤል ማታ «ልጄን አምጣልኝ እንጂ ጣራህ የእኔ ነው» ብለው ተስለው ኖሯል። ወር ሳይሞላ የሰላም የመግቢያ ፈቃድ መጣ! እትዬ አስካለ በሚቀጥለው እሑድ ከባድ ካርቶን እየጎተቱ ገቡ፤ ሲከፈት ክንፋቸውን የሰበሰቡ የብረት ወፎች። እልልታው ቀለጠ። እኔ ጣራ ጣራውን እያየሁ ላብ አጠመቀኝ።

ከዚያማ ማን ይቅር! በየሳምንቱ ስለት ይገባል። አንዱ የዛፍ ግንድ በትከሻው ይዞ ከቪንተርቱር በባቡር መጣ፤ ተራራ ላይ ያሉ ቤቶች ጣራቸው ላይ ግንድ አጋድመው አይቶ ነው። አንዷ በኮላ የሚለጠፍ፣ መስታወት የመሰለ ፕላስቲክ አመጣች። አንዱ ጣራ ላይ የሚደረደር የመዳብ ቀለበት ይዞ መጣ። ሦስት ጓደኛሞች በብሎን የሚታሰር ፍርግርግ ገዝተው፣ መልኩ እንዳያስጠላ ብለው አረንጓዴ ቢጫ ቀይ ቀብተውታል። ሰዒድ የሚባል የሙያ ተማሪም ነበር፣ ሙስሊም ነው፤ እሱ ከረጢት ሙሉ ብሎን በሩ ላይ ሰጥቶን «ለሚካኤል ነው፤ እናቴም ለገብርኤል ትሳል ነበር» ብሎ ሄደ። ጥግ ላይ የተከመረው ዕቃ ከአትሮንሱ በለጠ።

የጣራው ኮሚቴ ሰብሳቢ ጋሽ ታደሰ ናቸው። ጋሽ ታደሰ ዕድሜያቸውን ጄኔቭ በሹፍርና ጨርሰው፣ ጡረታ ሲወጡ ልጃቸው ዘንድ ዙሪክ የመጡ፣ ፈረንሳይኛ እንደ ውሃ የሚያፈሱ፣ ጀርመንኛ ግን «ደህና ዋሉ» እንኳን የማይሉ ሰው ነበሩ። እትዬ አስካለ ደግሞ የሚያውቁት የማጠቢያ ቤት ጀርመንኛ ነው፦ እጠፍ፣ ዘርጋ፣ ቶሎ በል። ስለዚህ ጣራ የሚሠራው ባለሙያ፣ እዚያ አገር ሽፔንግለር የሚባለው፣ ሲመጣ ማን ያስተርጉም? ሩት ታስተርጉም፣ እኔ! በእኔ ቤት ትልቅ ሰው ሆኛለሁ።

ባለሙያው ሄር ሩዲ፣ አቶ ሩዲ እንደማለት፣ ይባላል። ረጅም፣ ቀይ ጢም ያለው፣ እየበላ የሚያወራ ሰው ነው። አዳራሹ ውስጥ ገብቶ የተከመረውን ሲያይ የሚያኝከው ዳቦ አፉ ውስጥ ቀረ።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለኝ።

ስለት በጀርመንኛ ምን እንደሚባል አላውቅም። «ለመልአኩ የተሰጠ ነው። መመለስ አይቻልም» አልኩት። ራሱን ነቅነቅ አድርጎ መሰላሉን ይዞ ወጣ።

ሲወርድ አንድ በአንድ እያነሣ ይነግረኛል፣ እኔ እነግራቸዋለሁ። ግንዱ ለእንጨት ጣራ እንጂ ለእንዲህ ያለ ላሜራ አይሆንም። ፕላስቲኩ ብርድ ሲበረታ ኮላው ይለቃል። ፍርግርጉ እንዲታሰር ላሜራው መበሳት አለበት፤ የተበሳ ጣራ ደግሞ ያፈሳል። መዳቡ ዝናብ በመጣ ቁጥር ላሜራውን ይበላዋል፤ የማይዋደዱ ብረቶች ናቸው። ወፎቹን ሲያነሣ ፈገግ አለ። «ቆንጆ ናቸው» አለ፤ ረጅሙን ጭራቸውንም እያሳየኝ፣ «ይሄ ሸክላው ሥር ገብቶ የሚንጠለጠል ነው። እዚህ ምን ላይ ይንጠልጠል? ላሜራ ላይ ሸክላ የለ!»

«ታዲያ ምን ይሁን ይላል?» አሉ ጋሽ ታደሰ።

ሄር ሩዲ ወረቀት ላይ ሣለልን። ጣራችን ላይ ላሜራና ላሜራ የሚገናኝበት ቦታ ተጣጥፎ ቀጥ ብሎ የቆመ ጠርዝ አለው። ያን ጠርዝ ሳይበሳ ጥርቅም አድርጎ የሚነክስ ብረት አለ፤ በብረቶቹ ውስጥ ሁለት ሁለት ቱቦ ከጣራው ዳር እስከ ዳር ያልፋል። ጣራው ረጅም ስለሆነ ከፍ ብሎ ሌላ መስመር ይደገማል። ሁሉም አንድ ዓይነት መሆን አለበት፤ አንድ ቦታ ከላላ በረዶው እዚያ ይበረታና የቀረውን ነቅሎ ይዞ ይወርዳል።

ጋሽ ታደሰ አልተዋጠላቸውም። «ቆይ ሩትዬ፣ እኔ ቆርቆሮ ሥር ነው ተወልጄ ያደግኩት። ጣራ የሚሠራው የመጣበትን ቶሎ ሊያወርድ ነው እንጂ ተሸክሞ ሊቀመጥ ነው እንዴ? ንገሪው እስቲ።»

ነገርኩት። ሄር ሩዲ ሳቀ። «ዝናብ ይውረድ፤ በረዶ ግን ቀስ ብሎ ቀልጦ ነው መውረድ ያለበት። ሳምንቱን ሙሉ አዳራሹ ብርድ ነው። እሑድ ትሰበሰባላችሁ፣ ማሞቂያ ትለኩሳላችሁ፣ ይህ ሁሉ ሰው ይተነፍሳል፣ ይዘምራል። ላሜራው ይሞቅና በረዶውን ከሥሩ ያቀልጠዋል፤ የቀለጠው ውሃ ያንሸራትተዋል። ለዚህ ነው እናንተ ስትኖሩ የሚወርደው።»

«ከበሮውስ?» አልኩት፤ ይሄን ማንም ጠይቂ አላለኝም።

«ከበሮው ምን አደረገ?»

ፍራው ኤልዝቤት እጃቸውን አጣጥፈው በሩ ላይ ቆመዋል። «ከበሮው ነው» አሉ። እኔም በልቤ አዎ፣ ከበሮው ነው አልኩ። ትንፋሽ በረዶ አወረደ ብሎ ነገር! እንዲያውም ሰውየው ቅዳሴያችን ረዝሞበት የተናደደብን መሰለኝ።

ከባዱ ነገር የመጣው እሱ ከሄደ በኋላ ነው። ከተከመረው ስለት ውስጥ ለጣራው የሚሆን አንድም የለም። የማንን ስለት ነው አይሆንም የሚባለው?

«ወይዘሮ አስካለ፣ ቱቦ ነው የሚያስፈልገው ተባለ እኮ» አሉ ጋሽ ታደሰ በለሆሳስ።

«ሰምቻለሁ ጋሼ። ቱቦ ያስፈልጋል ተባለ፤ የአስካለ ስለት ይጣል አልተባለም።»

«አይሆኑም እኮ ነው የሚለው ሰውየው!»

«ሚካኤል የእሱን ፈጽሟል። ልጄ መንገድ ላይ ናት። እኔ የእኔን ሳልፈጽም ዓይኗን እንዴት ነው የማየው? ወፎቼ ሚካኤልን ሳይጠብቁ ካርቶን ውስጥ አይሞቱም!» ብለው ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ። ጋሽ ታደሰ ወደ እኔ ዞረው በፈረንሳይኛ አንድ ነገር አሉ፤ ደግነቱ ያኔ ፈረንሳይኛ አልችልም ነበር።

ሰላም የመጣችው ለገና ሦስት ቀን ሲቀረው ነው። አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ረጅም ናት፣ ስትስቅ እጇን አፏ ላይ አትጭንም፣ አዲስ አበባ ሰንበት ትምህርት ቤት ውስጥ ከበሮ የምትመታ እሷ ነበረች። እንዲህ ያለ ሰው አይቼ አላውቅም፤ ከመጣች ጀምሮ ጥላዋ ሆንኩ። ገና ዕለት መዝሙር ሲጀመር ዓይኗ አዳራሹን ዞሮ ዞሮ ከበሮውን ጥግ ላይ ጨርቅ ለብሶ አገኘው። ለመምታት ስትነሣ እናቷ ያዟት። በጭብጨባ ብቻ ዘመርን፤ ጨው እንደሌለው ወጥ ነበር።

«እማዬ፣ ገና ነው ወይስ ልቅሶ ቤት ነው?» አለች።

እትዬ አስካለ ሁሉንም ነገሯት። ሰምታ ስትጨርስ «ለዚህ ነው ይህን ሁሉ ዓመት የጠበቅነው?» አለች፤ ቀልዳ ሳይሆን ከልቧ ነው። እትዬ አስካለ እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉና «ስሚኝ፣ ለጥምቀት ከበሮ ትመቻለሽ። እናትሽ ነኝ የምልሽ!» አሉ። ሲምሉ አጠገባቸው ነበርኩ። እሷ እንድትመታ እፈልጋለሁ፣ ከመታች ደግሞ በረዶው ሊወርድብን ነው።

በኋላ ለብቻዋ ሳገኛት አስጠነቀቅኳት። «ሰላምዬ፣ ከመታሽ በረዶ ይወርዳል። ታቦቱ ላይ ይወርዳል። ከዚያ ከቤተ ክርስቲያናችን እንባረራለን።»

«ቆይ ቆይ፣ የስዊስ በረዶ ከበሮ ይፈራል?» አለችኝ። አልሳቅኩም።

ነገሩን የፈቱት አባ ናቸው። ከገና በኋላ ባለው እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ ሁላችንንም አስቁመው፣ «ልጆቼ፣ ሰው በሬ ቢሳል በሬውን መቅደስ ውስጥ እናስረዋለን እንዴ?» አሉ። ሰው ሁሉ ሳቀ። «ስለታችሁ ደርሷል፣ ሚካኤል ተቀብሏል። አሁን እንደ አገራችን ደንብ ለጨረታ ይውጣ፤ የተገኘው ለቱቦው ይሁን።»

እናንተዬ፣ እንደዚያ ያለ ጨረታ ከዚያ ወዲህ አላየሁም። እዚያ ካለው ሰው ውስጥ ጣራ ያለው አንድ የለም፤ ሁላችንም የፎቅ ተከራይ ነን። ግን የሚካኤል በረከት ነውና ማን ወደ ኋላ ይላል? ጋሽ ታደሰ አጫራች ሆነው ወንበር ላይ ወጡ። «ይሄ ግንድ ነው። ግንድ ብቻ ግን አይደለም፤ በባቡር የተሳፈረ ግንድ ነው!» ይላሉ። ግንዱን ስድስተኛ ፎቅ የሚኖር የታክሲ ሹፌር አሸነፈ። የት ልታደርገው ነው ሲባል «ሳሎን፤ እንግዳ ይቀመጥበታል» አለ። ፕላስቲኮቹን እናቴ አሸነፈች፤ ለብዙ ዓመት የሳሙና ማስቀመጫ አድርገናቸዋል። የሰዒድን ብሎኖች ራሱ ሰዒድ በሰው ልኮ መልሶ ገዛና እንደገና ለሚካኤል ሰጣቸው። ጫጫታው እየጨመረ ሲሄድ ፍራው ኤልዝቤት በሩን ከፍተው ገቡ።

«ከበሮ የለም ተባብለን አልነበር?» አሉኝ።

«ከበሮ አይደለም፤ ለጣራዎ ነው የምንጮኸው» አልኳቸው።

በዚህ መሃል ጋሽ ታደሰ አንዱን ወፍ ከፍ አደረጉ። ፍራው ኤልዝቤት ቀረብ ብለው አዩት። «እንደነዚህ ያሉ የአባቴ ቤት ጣራ ላይ ነበሩ» አሉ ቀስ ብለው፣ ከዚያ እጃቸውን አወጡ። ሰው ሁሉ ወደ እሳቸው ዞረ። እትዬ አስካለ ከወዲያ ጥግ እጃቸውን አወጡ፤ ስለታቸውን መልሰው ገዝተው መልሰው ሊሰጡ ነው። ፍራው ኤልዝቤት ጨመሩ። እትዬ አስካለ ጨመሩ። ጋሽ ታደሰ ወንበሩ ላይ ሆነው አንዴ ወደዚህ አንዴ ወደዚያ ሲዞሩ ሊወድቁ ምንም አልቀራቸው። እኔ በሁለቱ መሃል ቆሜ አስተረጉማለሁ፤ የሁለቱም ጉንጭ ቀልቷል። እትዬ አስካለ የሰላምን የክረምት ካፖርት መግዣ ሊያስይዙ እንደደረሱ ከፊታቸው ይታየኛል፤ ሰላምም አጠገባቸው ሆና «እማዬ፣ ተይ» ትላለች።

«ጠይቂያቸው እስቲ» አሉ እትዬ አስካለ በመጨረሻ፣ «ምን ሊያደርጉላቸው ነው እንዲህ የሚሟገቱኝ?»

ጠየቅኳቸው። «ጣራዬ ላይ ነዋ!» አሉ ፍራው ኤልዝቤት፤ «በመተላለፊያው በኩል። የእኔም ሸክላ እኮ በረዶ ይጥላል» አሉና ያወጡትን ነገር ሲሰሙት አፈሩ። ይሄን ስተረጉም ቤቱ በሳቅ ተናጋ። እትዬ አስካለ ግን አልሳቁም።

«በመተላለፊያው በኩል አሉ?»

«አዎ፣ እትዬ።»

«ሚካኤል በሚያልፍበት?»

«አዎ።»

እጃቸውን ቀስ ብለው አወረዱ። ዓይናቸው ሞላ። «ይውሰዷቸው በያቸው። በዚያ በኩልም የሚጠብቀው ያስፈልገዋል» አሉ። እልልታው ሲፈነዳ እኔና ፍራው ኤልዝቤት እኩል ቀና ብለን ጣራውን አየን።

የጨረታው ገንዘብ ለቱቦው በቅቶ፣ ሄር ሩዲ ከሁለት ሠራተኞች ጋር በዚያው ሳምንት መጣ። ከትምህርት ቤት ስመለስ ዋናው ሥራዬ መተላለፊያዋ አፍ ላይ ቆሞ ማየት ነበር። የሚነክሱት ብረቶች ሲጠብቁ «ቀጭ» ይላሉ፤ «ቀጭ» ሲል አንዱ ጨርሷል ማለት ነው። ቱቦዎቹ ሲገቡ ብረት ከብረት ጋር እየተፋጨ ያ ሽታ ይመጣል። ከዚያ ወደ ሸክላው ጣራ ተሻግሮ ወፎቹን በሁለት ረድፍ ሰካቸው፤ የላይኞቹ በታችኞቹ መሃል መሃል ይሆናሉ። እትዬ አስካለ ከሥራ በቀጥታ በባቡር መጥተው፣ ከሥር ሆነው በማጠቢያ ቤት ጀርመንኛቸው ያዙታል። «ዘርጋ! ቶሎ በል!» ሲሉት ሄር ሩዲ «እሺ አለቃ» ይላቸው ነበር።

የከተራ ዕለት ዓርብ ዋለ። በረዶው ከረቡዕ ጀምሮ ጥሎ ጥሎ ሁለቱም ጣራ ላይ እንደ ፍራሽ ተቀምጧል። እናቴ ትምህርት ቤት ፈቃድ ጠይቃልኝ ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ውስጥ ነበርኩ። ማሞቂያው ተለኩሷል፣ ሰው ከየከተማው መጥቶ ሞልቷል፣ ከጄኔቭ ሳይቀር። ታቦቱ ወጥቶ በመተላለፊያዋ በኩል ጓሮ ወደ ተተከለው ድንኳን መሄድ አለበት። ሰላም ነጭ ለብሳ ከበሮውን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ በሩ ላይ ቆማለች፤ እጇ ግን አልተነሣም። ፍራው ኤልዝቤት አይተው ይሁን እስኪሉ ድረስ አይመታም፤ ስምምነታችን ነው።

እሳቸው የጎማ ቦት ጫማ አድርገው መተላለፊያዋ ውስጥ ነበሩ። አንዴ ላሜራውን አዩ፣ አንዴ ሸክላውን።

«ሩትዬ፣ ጠይቂያቸው። እንምታ?» አሉ ጋሽ ታደሰ።

ፍራው ኤልዝቤት ሄደው በትክክል ከላሜራው ክፈፍ ሥር ቆሙ። ሮጬ ካፖርታቸውን ያዝኩ። «እዚያ አይቁሙ! ከበሮው ሊመታ ነው፣ ይወርድብዎታል!»

«ጣራው የእኔ ነው» አሉኝ፤ «ከሥሩ መጀመሪያ መቆም ያለብኝ እኔ ነኝ። አንቺ ግን ወደ እናትሽ ሂጂ።» ከዚያ ወደ ሰላም እጃቸውን አወዛወዙ። «በይ፣ ምቺ!»

ሰላም መታች። የመጀመሪያው ምት ደረቴ ውስጥ ገባ። እናቴ ቀሚስ ውስጥ ፊቴን ቀብሬ ጆሮዬን ደፈንኩ፤ ግን ከበሮ ጆሮ ስለደፈኑ የሚቀር ነገር አይደለም። ደገመች፣ ሠለሰች። ከዚያ ከላይ ያ የማጓራት ድምፅ ጀመረ። እሱ ራሱ ነው! ሰው ሁሉ ሰማው፤ እትዬ አስካለ «ሚካኤል፣ በልጄ እጅ አታድርገው!» ብለው ጮኹ። በረዶው ተንቀሳቅሶ ቱቦው ላይ ሲደርስ «ግው» አለና ቆመ። ቀና ብዬ አየሁ። ከጫፉ ትንሽ ብናኝ ብቻ ወርዶ የፍራው ኤልዝቤትን ኮፍያ ነጭ አደረገው። የቀረው እዚያው ጣራው ላይ እንደተቀመጠ ነው።

ሰላም እጇ አየር ላይ ቀርቷል። ፍራው ኤልዝቤት ኮፍያቸውን አውልቀው አራገፉ፣ መልሰው አደረጉ። «ማን አቁሚ አለሽ?» አሏት። መተርጎም አላስፈለገኝም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን እንዴት ልንገራችሁ! አባ ጥላው ሥር ሆነው ወጡ፣ ጭብጨባው ተነሣ፣ ያ ሁለት ወር የታፈነ ደስታ በሙሉ በአንዴ ወጣ። እኔም እልል አልኩ፤ ከዚያ በፊት ብዬ አላውቅም። ታቦቱ በሁለቱ ጣራ መሃል ሲያልፍ አንዲት ቁራጭ በረዶ አልወረደችም። እትዬ አስካለ ከልጃቸው ፊት ፊት ወደ ኋላ እየሄዱ፣ እያጨበጨቡ፣ እያለቀሱ፣ እየሳቁ ያይዋታል። ሰላም ከበሮው ላይ ጎንበስ ቀና ስትል ፊቷ በርቶ ነበር። በዕድሜዬ ደስታ ምን እንደሆነ ያየሁት ያን ቀን እትዬ አስካለ ፊት ላይ ነው ብል አላጋነንኩም።

ታቦቱ ድንኳኑ ውስጥ ገባ፣ ከበሮው ዝም አለ፣ ሰውም ጫማውን ከበረዶ እያራገፈ መበታተን ጀመረ። ፍራው ኤልዝቤት ከቆሙበት አልተነቃነቁም። በጣታቸው ጠሩኝ።

«ምነው፣ አለቀ እንዴ?» አሉኝ፤ ቅር ብሏቸዋል።

ለእትዬ አስካለ ነገርኳቸው። «ምን ያልቃል!» አሉ እንባቸውን ሳይጠርጉ። «ንገሪያቸው፣ ገና መውጣቱ ነው። ነገ ጥምቀት ነው። ሚካኤል ወደ ቤቱ የሚገባው ደግሞ ከነገ ወዲያ ነው፤ በዚሁ በደጃቸው።»

ነገርኳቸው። ፍራው ኤልዝቤት ሸክላው ላይ ያሉትን ወፎች ቀና ብለው አዩና፣

«በስንት ሰዓት?» አሉኝ።